ከዱባይ ደይራ የተገዙ ሦስት የሉል ሐብሎች፦ የትኛው ምን እንደሆነ

በዱባይ ደይራ፣ ከወርቅ ገበያው ዋና መተላለፊያ ገባ ብሎ ከሚገኝ አንድ የሉል መደብር የተገዙ ሦስት የአንገት ሐብሎች ከፊቴ ተዘርግተዋል። የመጀመሪያው 70 ድርሃም፣ ሁለተኛው 280 ድርሃም፣ ሦስተኛው ደግሞ 2,900 ድርሃም ተከፍሎባቸዋል። ሦስቱም ነጭ ናቸው፤ የፍሬዎቻቸው ውፍረትም ከ7 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ነው። ከክፍሉ ማዶ ሆኖ ለሚያይ ሰው ልዩነታቸው አይለይም፤ እንዲያውም ከሩቅ ቶሎ ዓይን የሚስበው ርካሹ ነው። የተገዙት ለአንድ የቤተሰብ ሠርግ ሲሆን ውዱ ለሙሽራዋ፣ መካከለኛው ለእናቷ፣ ርካሹ ደግሞ ለሚዜዎች ናሙና እንዲሆን ታስቦ ነው። መደብሩን በስም አልጠራውም፤ የማመሰግንበት ነገር ቢኖርም የምወቅስበትም ስላለ፣ ለገዢ የሚጠቅመው ከስሙ ይልቅ ዕቃውና አሻሻጡ ይመስለኛል።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ለሦስቱም ሐብሎች በመጨረሻ የተከፈለው ዋጋ ተገቢ ነው፤ ተገቢ የሆነው ግን የትኛው ምን እንደሆነ ታውቆ ስለተከፈለ ነው። አሁን በ70 ድርሃም የተገዛው ሐብል መጀመሪያ የተጠራለት ዋጋ 350 ድርሃም ነበር፤ ይኸውም ከእውነተኛው የ280 ድርሃም ሐብል በላይ መሆኑ ነው። ዋጋው የወረደው በክርክር ብዛት ሳይሆን ማጉያ መነጽር ተጠይቆ የፍሬዎቹ ቀዳዳ ከታየ በኋላ ነው።

ሉል የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው «ኦሪጅናል ነው ወይ?» ብሎ ነው። ይህ ጥያቄ የሚመቸው ለሻጭ ነው፤ ምክንያቱም ገበያ ላይ ያለው ሉል ሁለት ሳይሆን ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው የሰው እጅ ሳይገባበት በዛጎላም የውኃ እንስሳ ውስጥ የሚፈጠረው ተፈጥሯዊ ሉል ነው። ሁለተኛው የእርባታ ሉል ነው፤ የሚሠራው ያው እንስሳ ሲሆን ሥራውን የሚያስጀምረው ግን በእንስሳው ሥጋ ውስጥ ባዕድ ነገር የሚተክል ባለሙያ ነው። ሦስተኛው ማስመሰያው ነው፤ ከመስተዋት፣ ከፕላስቲክ ወይም ከዛጎል በተቀረጸ እንክብል ላይ የሚያብረቀርቅ ቀለም ተቀብቶ የሚወጣ የፋብሪካ ዕቃ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እውነተኛ ሉሎች ናቸው፤ ዛሬ በየጌጣጌጥ ቤቱ የሚሸጠው እውነተኛ ሉል ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም የእርባታ ነው። ስለዚህ የእርባታ ሉል ይዞ «ኦሪጅናል ነው» የሚል ሻጭ አልዋሸም፤ ማስመሰያ ይዞ «ከባሕር ነው» የሚልም፣ ከዚህ በታች እንደሚታየው፣ በቃል ደረጃ አይያዝም። መጠየቅ ያለበት «ተፈጥሯዊ ነው፣ የእርባታ ነው ወይስ ማስመሰያ?» ተብሎ ሲሆን፣ መልሱም ደረሰኝ ላይ መስፈር አለበት።

ደይራ ለሉል እንግዳ ቦታ አይደለችም። ነዳጅ ከመገኘቱ በፊት የባሕረ ሰላጤው የወደብ ከተሞች ዋነኛ መተዳደሪያ ሉል ነበር፤ ጠላቂዎች አፍንጫቸውን ቆንጥጠው፣ እግራቸው ላይ ድንጋይ አስረው ወደ ባሕር ወለል ይወርዱ ነበር። በእኛም በኩል በቀይ ባሕር የዳህላክ ደሴቶች ከጥንት ጀምሮ በሉል ለቀማ የታወቁ ነበሩ፤ የሚለቀመውም በምፅዋ በኩል ይወጣ ነበር። ያን ንግድ ያደቀቀው የጃፓን እርባታ ነው። ሚኪሞቶ ኮኪቺ እ.ኤ.አ. በ1893 ግማሽ ክብ የእርባታ ሉል ማግኘት ቻለ፤ ሙሉ ክቡ ሉል ተከትሎ በብዛት ገበያ ሲገባና የ1929ኙ የዓለም የኢኮኖሚ ቀውስ ሲታከልበት የባሕረ ሰላጤው የጠላቂዎች መርከቦች ሥራ ፈቱ። በዛሬው የደይራ መደብር መደርደሪያ ላይ የቻይናና የጃፓን ሉል ተደርድሮ የሚታየው ከዚያ ወዲህ ነው።

ወደ መጀመሪያው ሐብል ልግባ። መደብሩ ውስጥ ከሚሠሩት አንዷ ሐበሻ ናት፤ ትሕትናዋም ዕቃ አቀራረቧም የሚያስመሰግን ነው። ሐብሉን ከትሪው አንሥታ «እህቴ፣ ፕላስቲክ እንዳይመስልሽ፤ ይሄ ሼል ፐርል ነው፣ ከባሕር ዛጎል ነው የሚሠራው» አለች። ከተናገረችው ውስጥ ሐሰት የለም። በዚህ ስም የሚሸጠው ዕቃ ውስጡ በእርግጥ ከዛጎል ተቆርጦ የተድበለበለ እንክብል ነው፤ ሉል የሚመስለው ግን በላዩ የተደራረበው ቀለም ነው። ዛጎሉን እንስሳው ሠራው፣ ሉሉን ግን ፋብሪካው። ገዢ «ከባሕር» የሚለውን ሲሰማ ሉሉ ከባሕር የወጣ ይመስለዋል፤ ሻጭም ገዢው የመሰለውን አያርምም።

ሐብሉ በእጅ ሲያዝ ምንም አያጠራጥርም፤ ይከብዳል፣ ሲነካ ይቀዘቅዛል፣ በየፍሬው መካከልም ክሩ ተቋጥሯል። የክር ቋጠሮ የእውነተኛ ሉል ምልክት ነው ሲባል ብዙ ጊዜ ይሰማል። ቋጠሮው ክሩ ቢበጠስ ፍሬዎቹ እንዳይበተኑና እርስ በርስ እንዳይፋጩ የሚደረግ ጥንቃቄ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ክር መቋጠር ማስመሰያ ለሚሠራውም አይከብደውም፤ ይህ ሐብል ለዚህ ማስረጃ ነው። ጥርጣሬ ያሳደረው ሌላ ነገር ነው፦ ከመጀመሪያው ፍሬ እስከ መጨረሻው ድረስ ቀለሙ፣ መጠኑ፣ ክብነቱ አንድ ዓይነት ነው፤ አንድም ጭረት፣ አንድም ጉድጓድ አይታይበትም። በእውነተኛ ሉል እንዲህ ፍጹም የሆነ ሐብል ለማሟላት እጅግ ብዙ ፍሬ መምረጥ ስለሚያስፈልግ ዋጋው በሺዎች ይቆጠራል እንጂ 350 አይጠራም።

ከዚያ በኋላ 10 እጥፍ የሚያጎላውን የጌጣጌጥ ማጉያ ለመንን፤ የትኛውም ወርቅ ቤት ይህ መሣሪያ ስላለው «የለንም» ማለት አይቻልም። ሁለት ፍሬዎች ቀስ ተብለው ተራርቀው በመካከላቸው ያለው ቀዳዳ ወደ ብርሃን ሲዞር ነገሩ ተገለጠ። በቀዳዳው አፍ ዙሪያ ቀለሙ ወፍሮና ወደ ውጭ ተገልብጦ ቆሟል፤ በአንዱ ፍሬ ላይ ደግሞ እንደ ጥፍር ቀለም ተቀርፎ ተነሥቷል፤ በተቀረፈው በኩል ከታች የሚታየው አንጸባራቂ ያልሆነ ግራጫ ነጭ ዛጎል ነው። የሐብሉ ማያያዣ አጠገብ ያሉት ፍሬዎች ሲበዛ የሚነካኩ ስለሆኑ እንዲህ ያለው መቀረፍ ቶሎ የሚጀምረው እዚያ ነው፤ የሚፈትሽ ሰው ከዚያ ቢጀምር ጊዜ አያባክንም። እውነተኛ ሉል ሲበሳ የቀዳዳው ጠርዝ ንጹሕና ስለት ያለው ሆኖ ይቀራል፤ ቢሰነጠቅ እንኳ እንደ ዱቄት ይፈረፈራል እንጂ እንደ ሽፋን አይላጥም። ከሁሉም መፈተሻዎች አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህን ነው፤ ምክንያቱም ማስመሰያ ሠሪዎች ክብደቱን፣ ቅዝቃዜውንና ቋጠሮውን ማስመሰል ሲችሉ ቀለም የተቀባን ነገር ቀለም እንዳልተቀባ ማድረግ ግን አልቻሉም።

ስለ ክብደት አንድ ነገር ማብራራት ይገባል፤ በወርቅ ገበያ ሚዛን ስለማይጠፋ ገዢ ሊመዝንበት ይችላልና። 7 ሚሊ ሜትር ከሩብ የሆኑ 52 ያህል ፍሬዎች ያሉት የ40 ሴንቲ ሜትር ሐብል እውነተኛ ሉል ከሆነ ወደ 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ተራ መስተዋት ከሆነ 26 ገደማ፤ ፕላስቲክ ከሆነ ግን 12 ግራም አካባቢ ነው። ሚዛን ስለዚህ ፕላስቲክን ያጋልጣል፤ መስተዋትን ለመለየት ልዩነቱ ጠባብ ነው፤ የዛጎል እንክብልን ግን ጨርሶ አይለይም፤ የዛጎልና የሉል ቁስ ከሞላ ጎደል አንድ ስለሆነ ክብደታቸውም ያው ነው። «ሼል ፐርል» የሚባለው ዕቃ ገዢን የሚያሸንፈው እዚህ ላይ ነው። ቅዝቃዜውም እንደዚሁ፦ ሉል መጀመሪያ ሲነካ ቀዝቀዝ ብሎ ከሰውነት ሙቀት ጋር ይሞቃል ይባላል፤ መስተዋትም ዛጎልም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ የሚለየው ፕላስቲክ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ካልሁ በኋላ ሐብሉን መግዛታችን ሊያስገርም ይችላል፤ የሚያስገርም ግን አይደለም። ማስመሰያ ሉል በራሱ ነውር የለበትም። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፓሪስ ውስጥ ዣከን የተባለ መቁጠሪያ ሠሪ ከትናንሽ ዓሦች ቅርፊት የሚገኘውን የሚያብረቀርቅ ንጥረ ነገር ለማስመሰያ ሉል ከተጠቀመበት ጀምሮ ይህ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል፤ በስፔኗ ማዮርካ ደሴት የሚሠሩት የማዮሪካ ሉሎችም ማስመሰያ መሆናቸው ተነግሮ፣ በራሳቸው ስም፣ በኩራት የሚሸጡ ናቸው። ለአንድ ቀን ሠርግ ለሚለብሱ ሚዜዎች 70 ድርሃም ያለው፣ ከሩቅ የሚያምር፣ ፎቶ ላይ የማያሳፍር ሐብል በቂ ነው። ላብና ሽቶ ሲደጋግመው ቀለሙ መላጡ አይቀርም፤ ለልጅ የሚተላለፍ ጌጥ አይሆንም። ችግሩ በ350 ድርሃም እንደ ሉል ሲሸጥ ነው።

የ280 ድርሃሙ ሐብል ሻጮች «ፍሬሽ ዋተር» የሚሉት፣ ጨው በሌለው ውኃ የሚረባ ሉል ነው። ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚመጣው ከቻይና ሲሆን በዠጂያንግ ግዛት የምትገኘው ዡጂ ከተማ የንግዱ ማዕከል ናት። በአንድ ትልቅ የሐይቅ ዛጎል ውስጥ ከሌላ ዛጎል የተቆረጡ ጥቃቅን የሥጋ ቁራጮች ይተከላሉ፤ በእያንዳንዱ ቁራጭ ዙሪያ ሉል ያድጋል፤ አንዱ እንስሳም በአንድ ጊዜ ከ30 በላይ ፍሬ ሊሰጥ ይችላል። ርካሽ የሆነው በዚህ ብዛት ምክንያት እንጂ ሐሰተኛ ስለሆነ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ መካከሉ የተጨመረ እንክብል ስለሌለበት ከላይ እስከ መሐል ሉል ነው፤ በዚህ በኩል ካየነው ከ2,900 ድርሃሙ ሐብል የበለጠ የሉል ቁስ አለበት ማለት ነው።

ይህንን ሐብል ከመጀመሪያው የሚለየው ጉድለቱ ነው። ጠረጴዛ ላይ ሲንከባለል ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ አንዳንዱ ፍሬ ወደ እንቁላል ቅርጽ ያደላል፤ አንዱ ወገቡ ላይ ክር የታሰረበት ይመስል ቀጭን ቀለበታማ ስርጉድ አለበት፤ ሌላው በአንድ ጎኑ የመርፌ ጫፍ የሚያህል ጉድጓድ ይዟል። ነጭነቱም አንድ አይደለም፤ ወደ ክሬም የሚያደላ አለ፣ ሮዝ ጥላ የጣለበት አለ። ከመደብሩ መብራት አውጥተን በር ላይ በቀን ብርሃን ስናየው ይህ ልዩነት ይበልጥ ጎልቶ ታየ፤ ርካሹ ሐብል ግን ውጭም ውስጥም ያው ነበር። የወርቅ ገበያው መብራቶች ማንኛውንም ዕቃ እንዲያብረቀርቅ ሆነው የተተከሉ ናቸውና ሉልን በእነርሱ ብቻ አይቶ መግዛት አይገባም። መደብሩ ዕቃውን ይዘን ወደ በሩ እንድንወጣ ያለ ማጉረምረም ፈቅዶልናል፤ ይህ ከማመሰግንባቸው ነገሮች አንዱ ነው።

በዚያው ትሪ ላይ ጥቁር ሐብሎች ነበሩ፤ «የታሂቲ» ተብለው በ400 ድርሃም የሚቀርቡ። በፈረንሳይ ፖሊኔዢያ የሚረባው እውነተኛው የታሂቲ ሉል በጥቁር ከንፈር ዛጎል ውስጥ የሚያድግ፣ ጨለማ ቀለሙ የተፈጥሮው የሆነ፣ መጠኑም ብዙውን ጊዜ ከ8 ሚሊ ሜትር የሚጀምር ነው። የቀረቡልን ፍሬዎች 6 ሚሊ ሜትር ቢሆኑ ነው፤ ማጉያው ደግሞ በቀዳዳዎቹ አፍና በጥቃቅኖቹ ጉድጓዶች ውስጥ ቀለም ተጠራቅሞ አሳየን፤ ነጭ መሆን የነበረበት ክርም በየቋጠሮው ላይ ወይን ጠጅ ቀለም ይዟል። ዕቃው እውነተኛ ሉል ነው፣ ቀለሙ ግን የተነከረ ነው፤ የቻይናው ነጭ ሉል ቀለም ገብቶበት የወጣ ማለት ነው። በ400 ድርሃም የታሂቲ ሐብል የሚባል ነገር የለም፤ አንድ ደህና ፍሬ ብቻውን ከዚህ በላይ ሊያወጣ ይችላል።

ሦስተኛው ሐብል አኮያ ነው፤ በጃፓን ባሕር ዳርቻ በሚረባ ትንሽ ዛጎል ውስጥ የሚያድግ የእርባታ ሉል። በእንስሳው ውስጥ የሚተከለው በአብዛኛው ከአሜሪካ ወንዞች፣ በተለይም ከሚሲሲፒ ተፋሰስ፣ በተወሰደ ወፍራም ዛጎል የተድበለበለ እንክብል ሲሆን፣ እንስሳው በዚያ ላይ ሽፋኑን በየጊዜው ይደራርባል። የሚደራረበው ናከር የተባለው ቁስ ነው፤ ከአንድ ሺህኛ ሚሊ ሜትር በታች ውፍረት ያላቸው ንጣፎች እየተነባበሩ የሚሠሩት። ብርሃን ከላይኛው ንጣፍ ብቻ ሳይሆን ከሥር ካሉትም ስለሚመለስ እውነተኛ ሉል ከውስጡ የሚበራ ይመስላል፤ ማስመሰያ ግን የሚያበራው ከቆዳው ላይ ነው። ይህን በቃል መግለጽ ይከብዳል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ይዞ ማየት ግን ወዲያው ያስተምራል። የአኮያው ፍሬ ላይ የመደብሩ መብራት ጠርዙ ሳይደበዝዝ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ የፊትም ጥላ ይለያል፤ ፍሬው ቀስ እያለ ሲዞር ደግሞ በነጩ ላይ ሮዝና አረንጓዴ ያለበት ጥላ ይንቀሳቀሳል። በ70 ድርሃሙ ላይ መብራቱ እንዲሁ ደምቆ ይታያል፤ የሚንቀሳቀስ የቀለም ጥላ ግን የለም።

አኮያ ሲገዛ የሚያሠጋው ሐሰተኛ መሆኑ ሳይሆን ሽፋኑ መሳሳቱ ነው። እንስሳው ውኃ ውስጥ የቆየበት ጊዜ ካጠረ ናከሩ ከግማሽ ሚሊ ሜትር እጅግ ያነሰ ይሆናል፤ እንዲህ ያለው ፍሬ በብርሃን ፊት ሲሽከረከር ውስጡ ያለው የእንክብል መስመር አልፎ አልፎ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም በቀዳዳው ዙሪያ መሰንጠቅ ይጀምራል። የእኛን ሐብል በዚህ መንገድ ፍሬ በፍሬ አዙረን አየነው፤ ሁለት ፍሬዎች ላይ ጥርጣሬ አደረብን፤ ሻጩ ሽማግሌ ያለ ክርክር በሌላ ተክቶ እዚያው አሰካልን። በቀዳዳው ውስጥ በማጉያው ሲታይ የናከሩና የእንክብሉ ድንበር እንደ ቀጭን ጥቁር መስመር ይታያል፤ ይህ መስመር የማስመሰያ ምልክት መስሏቸው የሚደነግጡ ገዢዎች አሉ፤ ነገሩ ግን ሉሉ በእንክብል ላይ የተረባ መሆኑን የሚመሰክር ነው።

በሰዎች አፍ ስለሚዞሩት መፈተሻዎች ጥቂት ልበል። ፍሬውን በፊት ጥርስ ጫፍ ላይ ቀስ አድርጎ ማሸት የታወቀ ዘዴ ነው፤ እውነተኛው እንደ ደቃቅ አሸዋ ይቆረቁራል፣ ማስመሰያው ይንሸራተታል። ይሠራል፤ ነገር ግን ብዙ ሰው አፉ ያስገባውን ዕቃ አፍ ውስጥ ማስገባት ደስ የሚል ነገር አይደለም፤ በሚገባ የተወለወለ ሉልም ሊለሰልስ ይችላል፤ ተፈጥሯዊውን ከእርባታው ደግሞ በጭራሽ አይለይም። በእሱ ፈንታ ሁለት ፍሬዎችን እርስ በርስ በቀስታ ማሸት ይሻላል፤ እውነተኛዎቹ ሲፋተጉ ይሻክራሉ፣ የሚወጣው ደቃቅ ነጭ ብናኝም በጣት ሲጠረግ ሥሩ ያው የሚያበራ ሆኖ ይገኛል። ክብሪት መለኮስ፣ የጋለ መርፌ መውጋት፣ በሆምጣጤ ወይም በሎሚ መንከር ግን መፈተሻ ሳይሆን ዕቃ ማበላሻ ነው። ሉል አብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ አሲድ ይበላዋል፤ የተፈተነው ሉል እውነተኛ ከሆነ ፈተናውን ያለፈው ተበላሽቶ ነው። መደብሩ ውስጥ አንድ ሰው ክብሪት ካወጣ ያየሁት ትርኢት ነው ብሎ መውጣት ይሻላል፤ እሳቱ ለአጭር ጊዜ ሲነካው መስተዋትም ዛጎልም ምንም አይሆኑምና።

ቀለበትና ጉትቻን መፈተሽ ሐብልን ከመፈተሽ ይከብዳል። ሉሉ ግማሽ ድረስ ብቻ ተበስቶ በወርቅ ዘንግ ላይ በሙጫ ስለሚለጠፍ ቀዳዳው አይታይም። እዚህ ላይ የሚቀረው ሉሉ ከተቀመጠበት ጽዋ ጠርዝ ዙሪያ በማጉያ መመልከትና ቀለም የተላጠበት ካለ መፈለግ፣ ከዚያም ገጹን ማየት ነው፤ የማስመሰያ ገጽ ሲጎላ ጥቃቅን እብጠቶች ያሉበት የቀለም ቅብ ሆኖ ይታያል። ፒያሳ ወርቅ ቤቶች ውስጥ ሉል ያለበት ጉትቻ ሲገዛም ነገሩ ይኸው ነው፤ ወርቁ በግራምና በካራት ተለክቶ ሳለ ሉሉ «ፈርጥ» ተብሎ በግምት ይታለፋል። የ21 ካራት ወርቅ ላይ መቀመጡ ስለ ሉሉ የሚናገረው ነገር የለም፤ እውነተኛ ወርቅ ላይ ፕላስቲክ መለጠፍ የሚከለክል የተፈጥሮ ሕግ የለምና። ሉሉ ከወርቁ ጋር አብሮ ተመዝኖ በወርቅ ዋጋ እንዳይሸጥም መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ተፈጥሯዊ ሉል ነው ተብሎ ከፍ ያለ ዋጋ ለተጠየቀበት ዕቃ ጥርስም ማጉያም አይበቃም። ተፈጥሯዊውን ከእርባታው በእርግጠኝነት የሚለየው የውስጡን አፈጣጠር የሚያሳይ የኤክስሬይ ምርመራ ነው። በአካባቢው ለዚህ የታወቀው በባሕሬን እ.ኤ.አ. በ2017 የተቋቋመው የሉልና የከበሩ ድንጋዮች ተቋም፣ ዳናት፣ ነው። ባሕሬን የእርባታ ሉል መነገድን የከለከለች አገር ናት፤ የሙሐረቅ ከተማ የሉል ንግድ ቅርስም እ.ኤ.አ. በ2012 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ስለዚህ ጉዳዩን የሚይዙት በክብደት ነው። እዚህ መደብር ውስጥ «ያረጀ የባሕረ ሰላጤ ሉል» ተብሎ በተለየ ሣጥን የሚወጣ አንድ ቀለበት ታይቶናል፤ የላቦራቶሪ ወረቀት ሲጠየቅ የመጣው መደብሩ ራሱ ያተመው ካርድ ነው። ሻጭ ስለ ራሱ ዕቃ የጻፈው ካርድ ማስታወቂያ እንጂ ምስክር ወረቀት አይደለም፤ ቀለበቱን መልሰን ወደ አኮያው ተመለስን።

ትልቁ ወቀሳዬ ደረሰኙ ላይ ነው። ለሦስቱም ሐብሎች መጀመሪያ የተጻፈልን «የሉል ሐብል፣ ነጭ» የሚል አንድ ዓይነት ቃል ነበር፤ 70 ድርሃም የተከፈለበትም 2,900 የተከፈለበትም። በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የጌጣጌጥ መመሪያ «ሉል» የሚለው ቃል ብቻውን ለተፈጥሯዊው ካልሆነ እንደማይገባ፣ የእርባታው «የእርባታ»፣ ማስመሰያውም «ማስመሰያ» ተብሎ መገለጽ እንዳለበት ያስቀምጣል፤ እዚያ የሚኖሩ አንባቢዎች ይህን ይዘው መጠየቅ ይችላሉ። እኛም ደረሰኙ ይስተካከል አልን። የሐበሻዋ ሻጭ ቅር ሳትሰኝ ተርጉማ ነገረችልን፤ ሽማግሌውም ጥቂት ካንገራገረ በኋላ በአንዱ ላይ «አኮያ፣ የእርባታ፣ ጃፓን፣ ከ7 እስከ 7.5 ሚሊ ሜትር»፣ በሁለተኛው ላይ «የጨው አልባ ውኃ፣ የእርባታ»፣ በሦስተኛው ላይ «ማስመሰያ» ብሎ ጽፎ ማኅተም አደረገበት። ይህን ለመጻፍ እምቢ የሚል መደብር ካጋጠመ ገንዘብ ሳይወጣ መሄድ ነው። በ7 ቀን ውስጥ መመለስ እንደሚቻልም በቃል ነገሩን እንጂ ጽፈው አልሰጡንም፤ በዚህ ላይ መግፋት ነበረብን የሚል ሰው ቢኖር አልቃወምም።

አያያዝን በተመለከተ የተሰጠን ምክር ትክክለኛ ነበር፦ ሽቶና የፀጉር ቅባት ከተቀቡ በኋላ መጨረሻ ላይ መልበስ፣ ሲያወልቁ በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ፣ ከወርቅና ከብር ጌጥ ጋር አንድ ሣጥን ውስጥ አለመክተት፤ ሉል ለስላሳ ስለሆነ ብረት ይጭረዋል። ፀጉሯን ቅቤ የምትቀባ እናት ሐብሉን ከማድረጓ በፊት አንገቷን ብትጠርግ መልካም ነው። የሐር ክሩ በየጥቂት ዓመቱ መቀየር ይፈልጋል፤ መደብሩ ክር መቀየሩን ለገዢ በ40 ድርሃም ይሠራል፤ የሚሠራውም በዓይን ፊት ነው፤ ፍሬ በፍሬ ተቆጥሮ ተሰጥቶ ተቆጥሮ ይመለሳል።

በጠቅላላው መደብሩ ዕቃ የማይደብቅ፣ ማጉያና የቀን ብርሃን የማይነፍግ፣ ነገር ግን ካልተጠየቀ የማይናገር ነው። ለአኮያና ለቻይናው ሉል ተመልሼ እገዛበታለሁ፤ የ«ታሂቲ» ትሪውንና የልዩ ሣጥኑን ቀለበት ግን ለማንም አልመክርም። የአኮያው ሐብል የብር ማያያዣ ለዋጋው የሚመጥን አይደለም፤ ምላሱ ላልቶ በራሱ ይከፈታል፤ አዲስ አበባ ሲደርስ ከሠርጉ በፊት ወርቅ ሠሪ ዘንድ በጠንካራ ተቀይሯል።